ፖድ ወደ ቱሉ ዲምቱ ይመጣ ይሆን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ላይ ነን። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከፊቴ ስልሳ ሰው ገደማ ተሰልፏል፤ ታክሲ የሚባል ነገር ግን የለም። ከኋላዬ ያሉ አባት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ሌላው አገር እንዴት ነው ግን የሚኬደው?» አሉኝ። እኔም ለንደን አየር ማረፊያ ውስጥ ስላለችው ሾፌር አልባ ትንሽ መኪና አወራኋቸው። ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው፣ የባጃጅ ልጆች፣ ሁሉም ይጠይቀኛል። አንድ ነገር ደጋግሞ መመለስ ሲሰለቸኝ እዚህ ሰበሰብኩት። መሐንዲስ አይደለሁም። ሰልፍ ላይ ብዙ የቆምኩ፣ ቆሜም ስለ ትራንስፖርት ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ።

ለመሆኑ ፖድ ምንድን ነው?

ሾፌር የሌላት፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ መኪና ናት። አራት ወይም ስድስት ሰው ትይዛለች። የምትሄደው ለእሷ ብቻ በተሠራ ጠባብ መንገድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ነው። እግረኛ አያቋርጣትም፣ የትራፊክ መብራት አያቆማትም። መሐንዲሶቹ «የግል ፈጣን ትራንስፖርት» ይሉታል፤ በምህፃረ ቃል ፒአርቲ። እኔ ፖድ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቁልፉ ያለው ጣቢያው ላይ ነው። ጣቢያው ከዋናው መስመር ወጣ ብሎ በቅርንጫፍ ላይ ይሠራል። አንዷ ፖድ ሰው ስታወርድ ከኋላ ያለችው አትታገድም፤ በዋናው መስመር ሽው ብላ ታልፋለች። ገብታችሁ መድረሻችሁን ትነካላችሁ፣ መሀል ላይ ሳትቆም ታደርሳችኋለች። ታፔላ የለም። መንገድ ማቆራረጥ የለም። «ወራጅ አለ» የለም።

ከሚኒባሳችን በምን ይለያል? እሱም ትንሽ ነው።

ይህን የጠየቀኝ አንድ ረዳት ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት ሰው መኪና ይጠብቃል። ረፋዱ ላይ ደግሞ መኪናው ሰው ይጠብቃል፣ እስኪሞላ። «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይባላል፤ ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን አራት ወንበር ባዶ ነው። ፖድ ከሁለቱም ጥበቃ ሊያላቅቅ የተፈጠረ ሐሳብ ነው። መኪናዋ ቀድማ ጣቢያው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ሰውም ብትሆኑ ትነሳለች።

የዳርቻ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ የሚነካው ለዚህ ይመስለኛል። ከዚህ ቃሊቲ ድረስ ያለው ጉዞ ራሱ ያን ያህል አያስመርርም። የሚያስመርረው መቆሙ ነው፤ ከዚያ ወርዶ እንደገና መሰለፉ ነው።

እውነት የሚሠራበት አገር አለ?

አለ፤ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

የሁሉም አያት አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችው ሞርጋንታውን ናት። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ጀመረ (ስለ ውጭ አገር ሳወራ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከተማዋ ተራራማ ናት፤ የዩኒቨርሲቲዋ ግቢዎች የተበታተኑ ናቸው፤ ተማሪው በክፍለ ጊዜ መሀል ከግቢ ግቢ ሲመላለስ መንገዱ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ አምስት ጣቢያ ያለው መስመር ተሠራላቸው። በረዶ እንዳይዘው መንገዱን የሚያሞቅ ቧንቧ ሁሉ ተቀብሮለታል። ወጪው ከታሰበው በብዙ እጥፍ አሻቅቦ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር፤ መስመሩ ግን አሥርተ ዓመታት አገለገለ። መኪኖቹ ወደ ሃያ ሰው ስለሚይዙ ጠንቃቆቹ «ይሄ የቡድን እንጂ የግል አይደለም» ይላሉ። ይበሉ።

ለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ ያለው በ2011 ጀመረ። 21 ፖዶች፣ ሦስት ጣቢያዎች፣ 3.8 ኪሎ ሜትር መንገድ። ሥራው ተርሚናል 5ን ከመኪና ማቆሚያ ጋር ማገናኘት ነው። ያው ነው።

አቡ ዳቢ አጠገብ ያለችው ማስዳር ከተማ በ2010 ጀምራለች። ሐሳቡ ከተማዋን በሙሉ መኪና አልባ አድርጎ ፖድን ከሥር ማስኬድ ነበር። በሁለት የመንገደኛ ጣቢያ ቀረ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሱንቾን የምትባል ከተማ ደግሞ በ2014 የአትክልት ሥፍራዋን ከረግረጋማው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ጋር በፖድ አገናኘች። ጎብኚ ይወደዋል።

ጥሩ ከሆነ ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

ሐሳቡ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ። ጀርመኖች ሃገን በምትባል ከተማ በ1970ዎቹ ሞክረው በሙከራ ቀረ። ፈረንሳዮች አራሚስ ያሉትን ለዓመታት ለፍተውበት በ1987 ተዉት። ጃፓኖችም ሞክረዋል። ከሁሉም ለኛ የሚቀርበው የሮዝሞንት ታሪክ ነው። ሮዝሞንት የቺካጎ ዳርቻ ናት፤ ከአየር ማረፊያው ጎን። በ1990ዎቹ ሬይቲየን የተባለው ኩባንያ ፖድ ሊሠራላት ተዋውሎ የሙከራ መስመርም ገነባ። ችግሩ መኪናዋ ወፈረች። መኪናዋ ስትወፍር መንገዱ መስፋት አለበት፤ መንገዱ ሲሰፋ ምሰሶው መጠንከር አለበት፤ ምሰሶው ሲጠነክር ብሩ ያብጣል። በመጨረሻ «ይቅርብን» ተባለ።

እንደኔ ግምት ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ፖድ ጥሩ የሚሆነው ጣቢያው ሲበዛ ነው። ሁለት ጣቢያ ያለው ፖድ ውድ አሳንሰር ነው፣ ተጋድሞ የሚሄድ። አምሳ ጣቢያ ሲኖረው ነው ከየትም ወደ የትም የሚያስብለው። አምሳውን በአንድ ጊዜ ለመሥራት ደግሞ ማንም ደፍሮ ብሩን አያወጣም። ስለዚህ ሁሉም በሙከራ ይጀምራል፣ ሙከራው ትንሽ ስለሆነ አያስደንቅም፣ ስላላስደነቀ አይቀጥልም።

የጠዋቱን ሰልፍ ይጨርስልናል?

እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ።

ፖድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ይህ በሴኮንድ 11 ሜትር ገደማ ነው። ከፊቷ ያለችው ድንገት ቀጥ ብትል፣ የኋለኛዋ ተሳፋሪውን ሳትወረውር ለመቆም 25 ሜትር ገደማ ያስፈልጋታል። ለዚህ ነው በፖድና በፖድ መሀል የሴኮንዶች ክፍተት የሚተወው። ክፍተቱን ስድስት ሴኮንድ አድርጉት። በሰዓት 600 ፖድ ያልፋል። አራት አራት ሰው ቢሞሉ 2,400 ሰው። ግን «የግል» ነዋ! አብዛኛው ሰው ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ነው የሚገባው። በአማካይ አንድ ተኩል ብንል 900 ሰው ብቻ።

አሁን አውቶቡስ አስቡ። ዘጠና ሰው የያዘ የከተማ አውቶቡስ፣ ቆሞ የሚሄደው ተቆጥሮ። ሃያ ሰባት ምልልስ ከ2,400 ሰው በላይ ያነሳል። በየሁለት ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ማለት ነው። ቀላል ባቡራችን ሲታቀድ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 15,000 ሰው ታስቦለት ነበር። ፖድ ከነዚህ ጋር አይወዳደርም።

ሌላም አለ። ጠዋት ሁሉም ወደ መሀል ከተማ ነው። ፖዱ ሰው አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። የኛ ባለ ታክሲም «ባዶዬን ነው የምመለሰው» ብሎ ነው ታሪፉን የሚሰቅለው። ሾፌር ስለሌለ ይህ ሒሳብ አይጠፋም፤ ባዶ ሲመላለስ መንገዱን ይይዛል፣ ጎማውን ይበላል።

ለሚዛን ያህል ጥሩውንም ልናገር። ያቺ የስልሳ ሰው ሰልፍ ለብቻዋ ብትሆን በአሥራ አምስት ፖድ ታልቅ ነበር። አራት መጫኛ በር ያለው ጣቢያ፣ አንዱ ፖድ ሞልቶ ለመውጣት ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ሁለት ደቂቃ። እኔ ያን ቀን ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ግን የዳርቻ ሰልፍ ለብቻው አይሆንም። ስልሳው ሳያልቅ ሌላ ስልሳ ከብሎኩ ይወርዳል።

ስንት ያስወጣል?

የሂትሮው ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ እንደፈጀ ይነገራል። ለ3.8 ኪሎ ሜትር ስታካፍሉት በዚያን ጊዜ ምንዛሪ በኪሎ ሜትር ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይመጣል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። በኪሎ ሜትር 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚያነሱት ሰው ብዛት ግን አይገናኝም። አገሩና ዘመኑ ስለሚለያይ ሒሳቡን እንደ ወርቅ ሚዛን አትያዙት። ለመንደርደሪያ ያህል ነው።

መብራት ሲጠፋስ? መሀል ሰማይ ላይ ቀረን ማለት ነው?

በጣም የተጠየቀው ይህ ነው፤ አያስገርምም። የሂትሮው ዓይነት ፖድ ባትሪ ይዛ ነው የምትሄደው፤ ጣቢያ ስትቆም ትሞላለች። መብራት ቢጠፋ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ትደርሳለች። እንደ ሞርጋንታውን ከመንገዱ ዳር ኤሌክትሪክ የሚወስደው ግን መብራት ሲሄድ ቀጥ ይላል።

ኃይሉ እንኳ በአገር ደረጃ እየተሻሻለ ነው። 5,150 ሜጋዋት ያለው ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሰፈር ውስጥ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ግን ግድቡ አይደርስላችሁም። ባለፈው ክረምት የኛ ብሎክ ሦስት ቀን በሻማ አድሯል።

ከቀላል ባቡሩ ምን እንማራለን?

ብዙ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ከዚያም ከአያት ጦር ኃይሎች ሲጀምር የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። እናቴን ለሽርሽር ይዣት ወጥቼ ነበር፤ ደርሶ መልስ፣ ያለ ምንም ጉዳይ። መስኮት ዳር ተቀምጣ ሳሪስን አዲስ አገር አስመሰለችው።

41 ባቡሮች ነበሩ። እየዋለ እያደረ መለዋወጫ ጠፋ፣ መለዋወጫውን ለመግዛት ዶላር ጠፋ፣ ብዙዎቹ ቆሙ። የቲኬቱ ዋጋ ዝቅተኛ ስለሆነ ሕዝብ ጠቅሟል፤ ለጥገና ግን አይተርፍም። ፖድ ደግሞ ከባቡር ይብሳል። ባቡር የሚሠራ ፋብሪካ በዓለም ላይ ብዙ ነው። ፖድ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ይዘጋሉ፣ ይሸጣሉ፣ ስም ይቀይራሉ። ሻጩ ቢዘጋ ሶፍትዌሩን ማን ያድሳል? መርካቶ ምናለሽ ተራ የማይገኝ ዕቃ ካለ ይሄ ነው።

ሌላው ትምህርት መሬት ላይ ያለው ሐዲድ ነው። ከተማውን ለሁለት ቆርጦ እግረኛውን ሩቅ አዙሮታል። ከፍ ብሎ የሚሄድ ጠባብ መንገድ በዚህ በኩል ይበልጣል። ምሰሶ ብቻ ነው የሚተክለው፤ ከሥሩ ጉሊት ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ለኛ ዳርቻ ጨርሶ አይሆንም?

እንደሱ አላልኩም። ዋናውን የጠዋት ሰው ለማንሳት አይሆንም። አጭርና ቀኑን ሙሉ በሁለቱም አቅጣጫ ሰው ላለበት ቦታ ግን ይታሰባል። የኛን አካባቢ በዚህ ዓይን እዩት። አንድ ጫፍ ላይ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም። አለፍ ሲል የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። ቂሊንጦ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ። ተማሪው ይወጣል ይገባል፣ የፋብሪካው ሠራተኛ በፈረቃ ይመጣል፣ ነዋሪው ገበያ ይሄዳል። ሞርጋንታውን ላይ የነበረውም ይኸው ነው፤ የተበታተነ ግቢ፣ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ሰው።

እንዲያም ሆኖ ሁለት ነገር መቅደም አለበት። አንደኛ፣ መጋቢ የሚያስፈልገው ግንድ ሲኖር ነው። ፖዱ ሰውን ሰብስቦ የሚያስረክበው ባቡር ወይም ለብቻው መስመር ያለው አውቶቡስ ከሌለ፣ ሰልፉን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አዛወርነው ማለት ነው። የቀላል ባቡሩ መስመር ደግሞ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ሁለተኛ፣ ወሰን አለ። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተች ወዲህ ዳርቻው የሁለት አስተዳደር ጎረቤት ነው። ሰው ወሰኑን በቀን ሁለቴ ያቋርጣል፤ ምሰሶ ሲተከል ግን ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው የሚለው ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አየር ማረፊያስ?

ፖድ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የሚታይ ከሆነ እዚያ ይመስለኛል። አቡሴራ ላይ የተያዘው የአየር መንገዱ ፕሮጀክት ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው። ባለቤቱ አንድ ነው፣ ግቢው ዝግ ነው፣ መንገደኛው ሻንጣ ይዟል፣ ከፋይም ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን የፖድ ሥራ አይደለም። የባቡር ነው።

ሾፌር አልባ መኪና ከመጣ ፖድ ምን ያደርጋል?

ማስዳር ላይ የሆነው ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው ሲሻሻል ልዩ መንገድ የመሥራቱ ጉጉት በረደ። ወደኛ ስንመጣ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በሽ ነው። ሾፌር አልባው ግን ሌላ ነገር ነው። የቱሉ ዲምቱ አደባባይን ሰኞ ጠዋት አስቡት። ሲኖትራክ፣ ባጃጅ፣ የሚሮጥ ተማሪ፣ በመሀል ተረጋግታ የምትሻገር አህያ። ኮምፒውተሩ እስኪወስን ይመሻል።

ኬብል ካር፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደው፣ አይሻልም?

ለዳገት ሰፈር ጥሩ ነው። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ በ2014 ጀምራ ዛሬ ብዙ መስመር አላት፤ ከፍታዋ ከእኛ እጅግ ይበልጣል። አሥር ሰው የሚይዝ ጎጆ በየአሥራ ሁለት ሴኮንዱ ይመጣል፣ በሰዓት 3,000 ሰው። ጥበቃ የለውም፤ የፖድን ግማሽ ሕልም ያሟላል ማለት ነው። ሽሮ ሜዳና እንጦጦ በኩል ላሉት ይታየኛል። የኛ ደቡብ ሜዳ ስለሆነ ብዙም አይጠቅመን።

ሾፌሩና ረዳቱ ምን ይብሉ?

ያ ረዳት መጨረሻ ላይ የጠየቀኝ ይህንን ነው፤ ሳቅ አልነበረበትም። እንዳልኩት ፖድ ነገ ስለማይመጣ እንጀራው አልተነካም። የሚያሰጋው ይልቅ ትልቁ አውቶቡስ ነው። እሱም ቢሆን ከግንዱ ላይ ሚኒባሱን ሲያስለቅቅ ወደ ውስጥ መንገድ፣ ወደ ብሎኮቹ እንዲገባ ስምሪት ሊሰጠው ይችላል። እዚያ ባጃጅ ብቻውን እየነገሠ ነው።

ማታ ከማላውቀው ሰው ጋር ልዘጋ ነው?

ይህን የሚጠይቁኝ ሴቶች ናቸው፤ ሁልጊዜም። ፖድ ውስጥ ከማን ጋር እንደምትገቢ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ካልፈለግሽ ብቻሽን ትሄጃለሽ። ካሜራና ከመቆጣጠሪያ ክፍል ጋር የሚያነጋግር ቁልፍ አለው። በአንጻሩ ረዳትም የለም፣ «ተዋት!» የሚል ሽማግሌም የለም። ጎረቤቴ እትዬ «የሞላ ታክሲ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ምስክር አለ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እስከዚያው ምን ይደረግልን?

አውቶቡስ፤ በርከት ያለ፣ ሰዓቱን የሚያከብር። ከተቻለም መንገዱ ላይ ቀለም ቀብቶ ለብቻው መስመር መስጠት። ከዊንጌት ጀሞ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ዓይነት ወደኛም ቢዞር። ለማታው ደግሞ ስምሪቱ ሰው ባለበት ሰዓት ይሁን። አንድ ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናብ እየወረደ ሦስት ባዶ ታክሲ ታፔላቸውን ገልብጠው ሲያልፉን፣ አንዱ ወጣት ጫማውን አውልቆ በእግሩ ተነሳ። ሰባት ስምንት ሰው ተከተለው። እኔም ተከተልኩ።

ለበዓል በግ ይዞ መግባት ይቻላል?

ሻንጣ፣ የሕፃን ጋሪ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይገባል፤ ወለሉ ከጣቢያው ጋር እኩል ነው። በግ ግን እንጃ። ያ የእድር ሰው እንደሆነ «የግል ከተባለ በጉም የግሌ ነው» ብሎ ችክ ብሏል።